በምን አለሽ ተራ ስለሚገኙ አሮጌ የጨዋታ መሣሪያዎችና ስለ ባዕድ የዲስክ ድራይቮች

በመርካቶ ገበያ ካሉት ተራዎች ብዙዎቹ ስማቸውን ያገኙት ከሚሸጥባቸው ዕቃ ነው። በሸማ ተራ ሸማ፣ በበርበሬ ተራም በርበሬ ይሸጣል። ምን አለሽ ተራ ግን የሚጠራው በጥያቄ ነው፤ ገበያተኛው ምን ይዞ እንደሚመጣ አስቀድሞ አይታወቅምና። ቆራሌው «ቆርቆሮ ያለው» እያለ በየሰፈሩ ዞሮ የሰበሰበውን በጆንያ ተሸክሞ ያመጣል፤ በዚያም ብረቱ ከመዳቡ፣ ፕላስቲኩ ከጠርሙሱ ይለያል። የዘይት በርሜሉ የከሰል ምድጃ፣ የመኪናው ጎማ በረባሶ ሆኖ ይወጣል። በዚህ ሥፍራ ጥቂት ዓመት የሠራ ነጋዴ «የተጣለ ዕቃ» የሚለውን ቃል ሌላው ሰው እንደሚረዳው አይረዳውም።

ከራዲዮና ከቴሌቪዥን፣ ከኮምፒዩተርና ከዲቪዲ ማጫወቻ ጋር ተደባልቀው ወደ አሮጌ ዕቃ ንግድ ከሚገቡት አንዱ የቴሌቪዥን ጨዋታ መሣሪያ ነው። ገዢው አንሥቶ እያገላበጠ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ዲስክ ያነባል?» ይላል። መልሱ «አያነብም» ከሆነ መሣሪያው የመሣሪያነት ዋጋውን ያጣና በሚዛን የሚሸጥ ፕላስቲክና መዳብ ይሆናል። ይህ ልማድ በብዙ ጊዜ ሻጩን ይጎዳል። በመሣሪያው ውስጥ የሚሽከረከርና የሚንሸራተት አካል ያለው፣ ከማቀዝቀዣው ነፋስ ሰጪ በቀር፣ የዲስክ ድራይቩ ብቻ ስለሆነ አስቀድሞ የሚደክመው እርሱ ነው። ቦርዱና የኃይል ማመንጫው ክፍል ግን ከእርሱ በኋላ ብዙ ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ ነጋዴው መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ይህ መሣሪያ ከአምራቹ ውጭ ሌላ የሠራውን ድራይቭ ይቀበላል ወይስ አይቀበልም፣ የሚቀበልስ ከሆነ በየትኛው በር ነው የሚለው ነው። የገዢው ገንዘብም የሻጩም ስም ያለው በዚህ መልስ ላይ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ሲባል ከአምራቹ ኩባንያ ውጭ የተሠራው ድራይቭ «ባዕድ ድራይቭ» ተብሏል። የውጭ አገሩም ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ድራይቭን ከጨዋታ መሣሪያ ጋር ማገናኘት አዲስ ነገር አይደለም። የጃፓኑ ኔንቴንዶ በየካቲት ወር 1986 ዓ.ም. ፋሚኮም ለተባለው መሣሪያው የሚሆን የዲስክ ድራይቭ ለገበያ አቀረበ፤ ድራይቩም የሚገናኘው ካርትሪጁ በሚገባበት በር ነበር። በውስጡ ያለው የጎማ ቀበቶ ከዕድሜ ብዛት ቀልጦ ሙጫ ስለሚሆን፣ ዛሬ ከእነዚያ ድራይቮች መካከል ቀበቶው ሳይለወጥ የሚሠራ ማግኘት ያስቸግራል። በ1988 ዓ.ም. ኤንኢሲ ለፒሲ ኢንጂን፣ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ሴጋ ለሜጋ ድራይቭ የሲዲ ድራይቭ አወጡ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ቤት የተሠሩ፣ ለአንድ ቤት ዕቃ የተዘጋጁ ነበሩ።

ለነጋዴ ጆሮ ይበልጥ የሚጥመው ታሪክ ግን የኔንቴንዶና የሶኒ ነው። ሁለቱ ኩባንያዎች በ1988 ዓ.ም. ውል ገብተው፣ ሶኒ ለኔንቴንዶው ሱፐር ፋሚኮም የሲዲ ድራይቭ ሊሠራ ተስማማ። ውሉ በሲዲ በሚወጡት ጨዋታዎች ላይ ለሶኒ ሰፊ መብት ይሰጥ ስለነበር ኔንቴንዶ ቆይቶ አልወደደውም። በሰኔ ወር 1991 ዓ.ም. ቺካጎ በተደረገው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ትርዒት ሶኒ አዲሱን መሣሪያ በይፋ አስታወቀ፤ በማግሥቱ ኔንቴንዶ ከሆላንዱ ፊሊፕስ ጋር እንደሚሠራ ተናገረ። በአደባባይ የተተወው ሶኒ ብቻውን ሠርቶ በታኅሣሥ ወር 1994 ዓ.ም. ፕሌይስቴሽንን አወጣ። ከመቶ ሚሊዮን በላይም ተሸጠ። የባዕድ ድራይቭ ውል ፈርሶ ከፍርስራሹ ትልቅ ተወዳዳሪ ሲወለድ የታየበት ጊዜ ይኸው ነው።

ከዚያ የፈረሰ ውል በሙከራ ደረጃ ከተሠሩት መሣሪያዎች አንዱ የደረሰበት ዕጣም ምን አለሽ ተራን የሚያስታውስ ነው። በአሜሪካ አንድ የከሰረ ድርጅት ንብረቱ በሐራጅ ሲሸጥ፣ አንድ ሰው ምንነቱ በቅጡ ያልታወቀ የዕቃ ክምር በ75 ዶላር ገዛ። መሣሪያው በክምሩ ውስጥ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ምንነቱ ታወቀ፤ የሲዲ ድራይቩ ግን አይሠራም ነበርና አንድ ጥገና ዐዋቂ ብዙ ደክሞበት እንዲያነብ አደረገው። በመጋቢት ወር 2020 ዓ.ም. በሐራጅ 360,000 ዶላር አወጣ። በየጆንያው ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ ይገኛል ማለት አይደለም፤ ዳሩ ግን ካቻቢቴ ከመነሣቱ በፊት ስሙንና ቁጥሩን ማንበብ ምንም ወጪ የለበትም።

ወደ አገራችን ገበያ ስንመለስ፣ በሻጭና በገዢ መካከል ብዙ ጊዜ የሚነሣው ስም ፕሌይስቴሽን 2 ነው። በመጋቢት ወር 2000 ዓ.ም. በጃፓን መሸጥ የጀመረው ይህ መሣሪያ በዓለም ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ ሶኒ መሥራቱን ያቆመው በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በአዲስ አበባና በክፍለ ሀገር ከተሞች ወጣቶች እየከፈሉ የእግር ኳስ ጨዋታ የሚጫወቱባቸው ቤቶች ለብዙ ዓመታት የቆሙት በእርሱ ላይ ነበር። እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ መሣሪያው ከጧት እስከ ማታ ይሠራል፤ አቧራው፣ የመብራቱ መሄድና መምጣት፣ የዲስኩም ጭረት ተደራርቦ ሌንሱን ይጨርሰዋል። ቦርዱ ግን ይቆያል። ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ከሚመጡት ውስጥ «ይበራል፣ አያነብም» የሚባሉት የሚበዙትም ከዚህ የተነሣ ነው።

ገዢው ከመፍረዱ በፊት ሊያደርገው የሚገባ ፈተና አለ። የዚህ መሣሪያ ሌንስ ሲዲውን በአንድ ጨረር፣ ዲቪዲውን በሌላ ጨረር ያነባል። ስለዚህ አንዱ ሞቶ ሌላው ሊቀር ይችላል። ሦስት ዲስኮች በመደብሩ ቢኖሩ ይበቃል፤ ከሥሩ ጥቁር የሆነው የፊተኛው ፕሌይስቴሽን ዲስክ፣ ከሥሩ ሰማያዊ የሆነው የፕሌይስቴሽን 2 ሲዲ፣ ሦስተኛውም ብርማው ዲቪዲ። ብርማውን አንብቦ ሰማያዊውን የሚተው መሣሪያ ግማሽ ሌንስ አለው ማለት ነው፤ ብዙዎቹ ጨዋታዎች በዲቪዲ ስለሆኑ ይህ መሣሪያ በሚዛን የሚሸጥ አይደለም። በፈተናው ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ዲስኮቹ የፋብሪካ መሆን አለባቸው። የተገለበጠ ዲስክ ቺፕ ባልገባበት መሣሪያ ውስጥ ቢከቱት መሣሪያው አይቀበለውም፤ ፈታኙም ጤነኛውን ሌንስ ሞቷል ብሎ ይፈርድበታል። በዚህ ስሕተት ብቻ ስንት ጤነኛ መሣሪያ ተፈትቶ ይሆን?

ሌንሱ በእርግጥ ከደከመ የመጀመሪያው መፍትሔ ሌንሱን ብቻ መለወጥ ነው። ከአምራቹ ውጭ የተሠሩ ሌንሶች ከቻይና ይመጣሉ። ነጋዴው ሊያውቀው የሚገባው፣ «የፕሌይስቴሽን 2 ሌንስ» የሚባል አንድ ዕቃ አለመኖሩን ነው። ወፍራሙ መሣሪያና በ2004 ዓ.ም. የወጣው ቀጭኑ፣ ማለት ስሊም የሚባለው፣ የተለያየ ሌንስ አላቸው፤ ኬኤችኤስ-400ሲ የሚባለው ለወፍራሙ ሲሆን ፒቪአር-802ደብልዩ የሚባለው ለቀጭኑ ነው። ከመሣሪያው ጀርባ ወይም ሥር የተጻፈውን የሞዴል ቁጥርና በአሮጌው ሌንስ ላይ ያለውን ቁጥር ሳይጽፉ ዕቃ ማዘዝ፣ የጫማ ቁጥር ሳይጠይቁ ጫማ እንደ ማስመጣት ይቆጠራል።

ከውጭ በሚመጣው አዲስ ሌንስ ላይ ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ የብየዳ ጠብታ ትገኛለች። ፋብሪካው ያስቀመጣት በጉዞ ላይ ከሰው እጅ ወይም ከልብስ የሚነሣ ኤሌክትሪክ ጨረር ሰጪውን እንዳያቃጥለው ነው። ሌንሱ ከገባና ጠፍጣፋው ገመድ ከተሰካ በኋላ ጠብታዋ በብየዳ ብረት መነሣት አለባት፤ ካልተነሣች ሌንሱ ፈጽሞ አያነብም። ይህን የማያውቅ ጠጋኝ ዕቃውን «ብልሹ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ አስመጪውም ለላኪው የክስ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ላኪው ደግሞ አይቀበለውም። በአንዲት የብየዳ ጠብታ ምክንያት በሦስት ሰዎች መካከል የነበረው መተማመን ይበላሻል። ስለዚህ አስመጪው ከዕቃው ጋር ስለ ጠብታዋ የምታስረዳ በአማርኛ የተጻፈች ቁራጭ ወረቀት ቢያስገባ ዋጋዋ ከምንም አይቆጠርም።

በዚህ ሥራ ውስጥ የሚደረግ አንድ ተንኮል ደግሞ ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። በሌንሱ አካል ላይ የጨረሩን ኃይል የሚወስኑ ጥቃቅን ማስተካከያዎች አሉ። ሊሞት የደረሰ ሌንስ ማስተካከያው ትንሽ ሲዞርለት ብዙ ኃይል ይወስድና እንደገና ያነባል። በመደብሩ ፊት ሲፈተን ደኅና ይመስላል። ነገር ግን ከዐቅሙ በላይ ስለሚሠራ ዕድሜው ያጥራል፤ ገዢውም ከቤቱ ገብቶ ብዙ ሳይቆይ ይሞትበታል። ለራሱ መጫወቻ የሚያደርገው ሰው በገዛ ንብረቱ ያሻውን ያድርግ፤ አድርጎ «አዲስ ሌንስ» ብሎ የሚሸጥ ግን ያታልላል። በ2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሌንሱ የተለወጠ፣ የተስተካከለ ወይም ከሌላ መሣሪያ የወጣ መሆኑን በደረሰኙ ላይ በሁለት ቃል መጻፍ ሻጩን ከብዙ ክርክር ያድነዋል።

ሁለተኛው መፍትሔ ዲስኩን ራሱን መተው ነው። ምን አለሽ ተራ ከማንም የበለጠ ሊጠቀምበት የሚችለውም ይህ ይመስላል። ወፍራሙ ፕሌይስቴሽን 2 ከጀርባው ሰፊ ክፍት ቦታ አለው። ኔትወርክ አዳፕተር የተባለው የሶኒ ዕቃ በዚያ ሲገባ፣ የኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ የሚሰካበት አይዲኢ የሚባለው ሰፊ መሰኪያ ይገኛል። ሶኒ ራሱ በ2004 ዓ.ም. በአሜሪካ 40 ጊጋባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ ለዚሁ ሸጧል። ዛሬ ኦፕን ፒኤስ ቱ ሎደር የሚባለው ፕሮግራም ጨዋታውን ከሃርድ ዲስክ፣ ከፍላሽ ወይም ከኮምፒዩተር በኔትወርክ ገመድ ያስነሣል። ይህ አይዲኢ የተባለው ሃርድ ዲስክ በአዲስነቱ መሠራቱ የቀረ ነው፤ የሚገኘው አሮጌ ኮምፒዩተር ሲፈታ ነው። አሮጌ ኮምፒዩተር ደግሞ የሚፈታው በምን አለሽ ተራ ነው። በሚዛን ለአሉሚኒየሙ ብቻ የሚሸጠው የኮምፒዩተር ዲስክ፣ ጤነኛ ከሆነ፣ ሌንሱ የሞተን የጨዋታ መሣሪያ ከሞት ሊያነሣ ይችላል።

ኔትወርክ አዳፕተሩም እንዲሁ ነው። ከመሣሪያው ጀርባ በሁለት ብሎን የታሰረ ጥቁር ዕቃ ሲሆን፣ የማያውቀው ፈቺ ክዳን መስሎት ከፕላስቲኩ ጋር ይጥለዋል። ለብቻው ተለይቶ ሊቀመጥ ይገባዋል። በቻይና የሚሠሩ ባዕድ አዳፕተሮችም አሉ፤ እነዚህ የአዲሱን ኮምፒዩተር ሳታ የተባለ ሃርድ ዲስክ ይቀበላሉ፤ ብዙዎቹ ግን የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ የላቸውም። ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርጎ መሸጥ ተገቢ አይሆንም።

ቀጭኑ መሣሪያ ይህ የሃርድ ዲስክ ቦታ የለውም። ከፊቱ ሁለት የፍላሽ መሰኪያዎች ስላሉት ብዙ ሰው በዚያ ይጠቀማል። መሰኪያዎቹ ግን የጥንቱ ዓይነት ስለሆኑ ቢበዛ በሴኮንድ 1.5 ሜጋባይት ያህል ያሳልፋሉ፤ የመሣሪያው የራሱ ድራይቭ ግን ዲቪዲን በሴኮንድ ከ5 ሜጋባይት በላይ ያነባል። ከሦስት እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። ከዚህ የተነሣ ጨዋታው ቢነሣም በመካከል የሚታየው ፊልም ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁም ይቆራረጣል። ገዢው ተመልሶ «መሣሪያህ ታሟል» ቢል አይፈረድበትም፤ አስቀድሞ የነገረው የለምና። ለቀጭኑ የተሻለው በኔትወርክ ገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ማገናኘት፣ ወይም በሚሞሪ ካርዱ መሰኪያ የሚገባውንና የስልክ ሚሞሪ የሚቀበለውን ትንሽ ባዕድ አዳፕተር መጠቀም ነው። ይህ አዳፕተር ከፍላሹ ይልቅ የቀለለ የሥራ ሁኔታ አለው፤ ዋጋውም ብዙ አይደለም።

ሁሉም በዚህ መንገድ እንዲሄድ ግን አስቀድሞ ፕሮግራሙን የሚያስነሣ ነገር ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት በሚሞሪ ካርድ ላይ የሚጫን ፍሪ መክቡት የተባለው ፕሮግራም ነው። በመጨረሻ ከወጡት ስሊሞች፣ ማለት የሞዴል ቁጥራቸው በ90 ከሚጀምረው ውስጥ ኋላ በተሠሩት ላይ፣ ሶኒ ይህን በር ስለ ዘጋ በዚያ አይሠራም። ስለዚህ መደብሩ እንዲህ ያለውን ካርድ ለ90 ሞዴል ገዢ ከመስጠቱ በፊት በመሣሪያው ላይ አስነሥቶ ማሳየት አለበት።

ከሶኒ ውጭ ያሉትን መሣሪያዎች በአጭሩ ማየት ይበቃል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ በውስጡ የተለመደ የኮምፒዩተር ዓይነት ድራይቭ ነበረው፤ ቶምሰን፣ ፊሊፕስ፣ ሳምሰንግና ሂታቺ ሠርተውለታል። የመረጃ ገመዱ የማንኛውም ኮምፒዩተር ነው፤ የኃይል ገመዱ ግን የመሳቢያውን መከፈትና መዘጋት የሚናገሩ ሽቦዎች ስላሉበት የራሱ የብቻው ነው። የኮምፒዩተር ዲቪዲ ድራይቭ ለማገናኘት የሚፈልግ ሰው ይህን ሽቦ በእጁ መለየት ይኖርበታል። ሴጋ በ1998 ዓ.ም. ያወጣው ድሪምካስት ደግሞ አንድ ጊጋባይት ያህል የሚይዝ የራሱ ዓይነት ዲስክ ነበረው። የተለመደ ዓይነት ዲስክ ስላልሆነ ድራይቩ ሲሞት ሰዎች አውልቀው በምትኩ የሚሞሪ ካርድ የሚቀበል ጂዲኢኤምዩ የተባለ ባዕድ ሰሌዳ ያስገባሉ። ሰሌዳው የሚስማማው ከመሣሪያው ሥር ባለው ጽሑፍ ላይ በክብ ውስጥ «1» ቁጥር ካለበት ጋር ነው፤ «0» ካለበት ጋር አይሄድም። አንዲት ቁጥር ያለማንበብ ለውጭ ምንዛሪ ኪሣራ ትዳርጋለች።

የፊተኛው ፕሌይስቴሽንም የሚታወቅ ድክመት ነበረው። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ሌንሱ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ፕላስቲክ ስለነበረና ከኃይል ክፍሉ ሙቀት ስለሚደርሰው በጊዜ ብዛት ይበላል፤ ሌንሱም ያዘነብላል። ባለቤቶቹ መሣሪያውን ገልብጠው፣ ወይም በጎኑ አቁመው ይጫወቱ ነበር። በተገለበጠ ጊዜ የሚያነብ ፕሌይስቴሽን ከመጣ የታመመው ሐዲዱ ነውና፣ ሐዲዱንና ሌንሱን አንድ ላይ የያዘ ባዕድ ክፍል ሲገባለት ይድናል።

ከዚህ በኋላ የመጡት መሣሪያዎች ግን ሌላ ጠባይ አላቸው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ኤክስቦክስ 360ና በ2006 ዓ.ም. የወጣው ፕሌይስቴሽን 3 ድራይቩን ከዋናው ቦርድ ጋር በምሥጢር ቁልፍ አጋብተውታል። ከአንዱ ኤክስቦክስ 360 የወጣ ጤነኛ ድራይቭ ወደ ሌላው ቢገባ ጨዋታ አያነሣም፤ ድራይቩ የሌላው ቦርድ ሚስት ናት እንደ ማለት ነው። ባለሙያው ጤነኛውን ሌንስ አውጥቶ ወደ አሮጌው ድራይቭ ያዛውራል፤ ወይም የድራይቩን ትንሽ ሰሌዳ ከአሮጌው አውልቆ በአዲሱ ላይ ይገጥማል። በመሆኑም በምን አለሽ ተራ ሲፈቱ ድራይቩን፣ የድራይቩን ሰሌዳና ዋናውን ቦርድ ለየብቻ መሸጥ ዋጋቸውን ያጠፋዋል፤ ሦስቱ በአንድ ከረጢት ታስረው መቀመጥ አለባቸው። ይህ ጋብቻ እስከ ዛሬ አልቀረም። በ2023 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ቀጭን ፕሌይስቴሽን 5 ድራይቩ በእጅ የሚነቀል ቢሆንም፣ አዲስ ድራይቭ ሲገባለት በኢንተርኔት ከፋብሪካው ጋር ተገናኝቶ ካልተመዘገበ አይሠራም።

ከውጭ የሚላኩ አሮጌ መሣሪያዎችን ለሚገዛ ነጋዴ ከሌንስ በፊት የሚታይ ነገር አለ፤ እርሱም ኤሌክትሪክ ነው። በአሜሪካ 120፣ በጃፓን 100 ቮልት ሲሆን በኢትዮጵያ 220 ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ወፍራም ፕሌይስቴሽን 2 ያለ ትራንስፎርመር ግድግዳ ላይ ሲሰካ የኃይል ክፍሉ ይቃጠላል፤ ጤነኛ ሌንስ ይዞ ወደ ቆራሌው ጆንያ ይገባል። ይህ መሣሪያ ግን ሌንሱ ስለሚተርፍ ጥሩ የመለዋወጫ ምንጭ ነው። የሞዴል ቁጥራቸው በ90 ከሚጀምረው በቀር፣ የስሊሙ ኃይል ሰጪ ከውጭ የሚሰካ ስለሆነ በላዩ የተጻፈውን ማንበብ ይበቃል፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ምንም አይፈራም።

እንግዲህ መለዋወጫ ከውጭ ማስመጣትና ከአሮጌ ዕቃ ማውጣት ሲነጻጸሩ ሚዛኑ በቅርብ ዓመታት ተለውጧል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዶላር ርካሽ የሆነው የቻይና ሌንስ በብር ሲታሰብ እጥፍ ያህል ሆነ ማለት ነው። በዚያው ልክ ከአሮጌ መሣሪያ በጥንቃቄ የወጣ ጤነኛ ሌንስ ዋጋው ወደ ላይ ይወጣል። በጥንቃቄ የወጣ ማለት ጠፍጣፋው ገመድ ያልተቀደደ፣ የመስተዋቱ ፊት በጣት ያልተነካ፣ በንጹሕ ወረቀት የተጠቀለለና የወጣበት ሞዴል ቁጥር የተጻፈበት ነው። በፒንሳ ተጎትቶ በክምር የተጣለውን ማንም ጠጋኝ ደፍሮ አይገዛውም።

በሃርድ ዲስክና በሚሞሪ በኩል የሚሄደው ንግድ ላይ ሕጉም ይነሣል። ድራይቭ መሸጥና ጨዋታ ገልብጦ መሸጥ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መቀመጫውን ሆንግ ኮንግ ያደረገው ባንግ የተባለ ድርጅት በ1990ዎቹ ለኔንቴንዶ 64 ዶክተር ቪ64 የሚባል የሲዲ ድራይቭ ሠርቶ ነበር፤ የሚገናኘውም ከመሣሪያው ሥር ባለው መሰኪያ ነው። ጨዋታ ለሚደርሱ ባለሙያዎችም የጠቀመ ዕቃ ነበር። ነገር ግን ብዙ ሰው ለቅጂ ተጠቀመበትና ኔንቴንዶ በፍርድ ቤት ከሰሰው። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወጥቷል። ስለዚህ መደብሩ ሃርድ ዲስኩን ባዶ አድርጎ መሸጡና፣ ገዢው በእጁ ያለውን ዲስክ ወደዚያ እንዲያዛውር መንገዱን ማሳየቱ የተሻለ ነው። «ሁለት መቶ ጨዋታ ያለበት» ብሎ በመስኮት ላይ የሚለጥፍ ነጋዴ ግን ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ሌላ ሰው ንብረት ማስታወቂያ ይሠራል።

በመጨረሻም ፈጽሞ የማይድነው መሣሪያ ይቀራል። የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች ውጋጅ አያያዝን የሚመለከተው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425 በ2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው ለእንዲህ ያለው ነው። በብየዳው ውስጥ እርሳስ የያዘ አሮጌ ቦርድ መዳቡን ለማውጣት ተብሎ በሜዳ ላይ ሲቃጠል ጢሱ በአካባቢው ያለውን ሁሉ ይመርዛል። ሌንሱ፣ አዳፕተሩ፣ የጆይስቲኩ መሰኪያ፣ ነፋስ ሰጪው፣ ብሎኖቹም ሳይቀሩ ከወጡ በኋላ የሚቀረው ቦርድ ሳይሰበርና ሳይቃጠል በጆንያ ተጠራቅሞ ፈቃድ ላለው ሰብሳቢ ይሰጣል። በዚያ ጆንያ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ግን ከኔትወርክ አዳፕተሩ ሁለት ብሎኖች ይጀመር።